ቲማቲም የያዘ እጅ የሚወጣበት ቀዳዳ

ሥራ የጀመርኩት ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጋሽ ወልዴ የሽቦ ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ አንድ ጥቅል የተጨማደደ ሽቦና አንድ ጣውላ ነበር። ጣውላው ላይ ሚስማሮች በሁለት ረድፍ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያለ ተመተዋል። ሽቦውን በሚስማሮቹ መሀል አሾልከህ ትጎትታለህ፤ በሌላው በኩል ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ጠዋቱን ሙሉ ስጎትት ዋልኩ። መዳፌ ተላጠ። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ወልዴ መጣና ካቀናሁት አንዱን አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

"ይኼ ገና እባብ ነው። ከሰዓት በኋላ ሽቦ አድርገው" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽቦ አደረግኩት። ከእኔ በፊት እዚያ ጣውላ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ብዙ ቀን እንደፈጀባቸው የነገረኝ ራሱ ጋሽ ወልዴ ነው። እኔ በዕለቱ ጨረስኩት። ዛሬም በኮልፌ ቀራንዮ እንደኔ ሽቦ የሚያቀና ካለ ይምጣ፤ በሰፈሩ ጋሽ ሽቦ ነው የምባለው፤ የት ነው ብሎ ቢጠይቅ የሚያሳየው አያጣም።

የምንሠራው የአጥር መረብና የሽቦ አልጋ ነበር። በቤቱ ውስጥ ደረጃ አለ። ከታች አቅኚ ነው፤ ቀጥሎ ቆራጭ፤ ከዚያ ጠምዛዥ። ከሁሉም በላይ ወጣሪ ነው፤ የአልጋውን መረብ በብረቱ ላይ ወጥሮ የሚያስር። ወጣሪ ሽርጥ አያደርግም ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ይሠራል፤ ሸሚዙም አይቆሽሽም።

ማንም አላስተማረኝም። ይኼን ደጋግሜ የምናገረው ስለምኮራበት ነው። ጠምዛዡ ቋጠሮውን ሲሠራ ጀርባውን ያዞርብን ነበር። ሙያውን ከወሰድንበት እንጀራው የሚሄድ ይመስለዋል። አልፈረድኩበትም፤ ግን አልለመንኩትምም። አንድ ሰው የጣለውን የተሰበረ አልጋ ተሸክሜ ቤቴ ወሰድኩና እሑድ እሑድ ቋጠሮውን እየፈታሁ እንዴት እንደተሠራ አየሁ። ከፈታሁ በኋላ መልሼ ቋጠርኩት። ደግሜ ፈታሁት። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ መቋጠር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጠምዛዡ ታሞ ቀረ። የሚረከብ ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ሳልጠየቅ ፒንሳ አንስቼ ተቀመጥኩ። ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና "ማነው ያሳየህ?" አለኝ።

"አልጋው ነው" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠምዛዥ ሆንኩ፤ ውሎ አድሮም ወጣሪ ሆንኩ፤ ሸሚዜን ጠቀለልኩ።

የስፖንጅ ፍራሽና በፋብሪካ የተሠራ የአጥር መረብ ሲመጣ ቤቱ ቀዘቀዘ። አልጋ የሚያሠራ ጠፋ። ጋሽ ወልዴ እያረጀ ነበር፤ ልጆቹም ልብስ ንግድ ገብተዋል። ቤቱን የዘጋ ዕለት ባለ ሚስማሩን ጣውላና የሱን የራሱን ፒንሳ ሰጠኝ። "ዘይት ቀባው፣ እንዳይዝግ" ብቻ አለኝ። ፒንሳው ይኸው እስካሁን አልዛገም።

ወደ ቲማቲም ያስገባችኝ ባለቤቴ አስካለ ናት። ግቢያችን ጠባብ ቢሆንም አስካለ መትከል ትወዳለች። በተቀደደ ጆንያና በተቆረጠ ጀሪካን አፈር ሞልታ ቲማቲም ተከለች። በጋውን ደህና ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግንዱ ፍሬውን መሸከም አቅቶት ጭቃው ላይ ተኛ፤ መሬት የነካው ሁሉ በሰበሰ። እንደ ጎረቤቶቻችን የባህር ዛፍ እንጨት አቁማ በጨርቅ አሰረችው። ጨርቁ ሲረጥብ ይጠብቃል፤ የታሰረበት ላይ ግንዱን እየቀረጠፈ ጣለው።

"ባሌ የሽቦ ሠራተኛ ነው ብዬ አወራለሁ፤ ቲማቲሜ ግን መሬት ተኝቶ ያድራል" አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም የሚል ወንድ ካለ እኔ አይደለሁም።

የመጀመሪያውን ሽቦ ቤት፣ ቲማቲሙን ዙሪያውን ከቦ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን ማለቴ ነው፣ የሠራሁት ከተቃጠለ ጎማ በወጣ ሽቦ ነው፤ ቆሼ አካባቢ የሚለቅሙ ሰዎች ያመጡልኝ ነበር። ይኼ ሽቦ ጠንካራ ነው፤ ግን ይስፈነጠራል፤ ታጥፎ አይቀመጥም። አንዱ ተስፈንጥሮ ግንባሬን ሰነጠቀኝ። ጠባሳው አለ። ሰው ሲጠይቀኝ የጎማ ሽቦ ነው እላለሁ፤ ወጣቶችም እንዳትነኩት እመክራለሁ።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ራሴ አወጣሁት። እግሩ ባለ ስድስት ሚሊ ፌሮ፣ የግንባታ ብረት ነው። ሕንፃ ላይ ብረት የሚያስሩ ፌራዮዎች ስታፋ፣ የምሰሶ ብረት ማቀፊያውን ቀለበት፣ ሲያጥፉ ረዘም ያለ ትራፊ ይተርፋቸዋል፤ ከእነሱ እወስዳለሁ። አራት እግር ይበቃል። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ከዚያ በተጨማሪ አንድ ክንድ የሚሆነው መሬት ውስጥ ይገባል። ይኼን አንድ ክንድ የሚቆጥብ ሰው ቲማቲሙን ለነፋስ ሰጥቶታል። ቀለበቶቹ ከአሮጌ አጥር ከሚፈታ ነጭ ሽቦ የሚሠሩ ናቸው፤ የማጠፋቸውም በአሮጌ የመኪና ቸርኬ ዙሪያ ነው፣ ሁሉም እኩል እንዲሆኑ። በእግሮቹ መሀል ደግሞ ቋሚ ሽቦ አወርዳለሁ። መገናኛው ሁሉ ሁለት ዙር ጥምዝ ነው። የሽቦው ጭራ ወደ ታች ከእግሩ ጋር ይጣበቃል። ወደ ውጭ ከዞረ ቀሚስ ይቀድዳል፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ግንድ ይወጋል።

ብየዳ አልወድም። የሰፈሩ ልጆች "ጋሼ፣ አንድ ነጥብ ጣል ቢያደርጉበት ያልቅ ነበር እኮ" ይሉኛል። የተበየደ ሽቦ መጀመሪያ የሚዝገው ብየዳው ላይ ነው። ቅዝቃዜና ሙቀት ሲፈራረቅበት ደግሞ ቷ ብሎ ይለቃል። የኔ ጥምዝ ይለመጣል እንጂ አይለቅም።

ዋናው ግን ቀዳዳው ነው። ባዶ እጅ የትም ይገባል። ችግሩ ቲማቲም የያዘ እጅ ማውጣት ነው። ቀዳዳው ከጠበበ ወይ ቲማቲሙን ትለቀዋለህ ወይ ታፈርጠዋለህ። ስለዚህ ቀዳዳውን የለካሁት አንድ ትልቅ ቲማቲም በመዳፌ ጨብጬ ነው። እጄ ከነቲማቲሙ ሽቦ ሳይነካው መውጣት አለበት። ይኼን መለኪያ ከማንም አልወሰድኩትም።

በቀጣዩ ክረምት የአስካለ ቲማቲም ከአጥራችን በላይ ብቅ አለ። መንገደኛ ቆሞ ያይ ጀመር። ከቤቴል ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች በታክሲም በመኪናም መጡ። አንዲት የክሊኒክ ነርስ ለግቢ ማሳመሪያ ፈልጋ ኖሮ ቀዳዳው ጠበብ ብሎ፣ አበባ አበባ ተደርጎ እንዲሠራላት ጠየቀችኝ። ለአበባ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት። ተቆጥታ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ እንዳለ ወሰደችው።

የምሠራው በእድራችን ቤት ጣራ ሥር ነው። ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት መጋዘን ጎን ቆርቆሮ የወጣለት ጥግ አለ። የተሰበረ አግዳሚ ስጠግንላቸው ጥጉን ተዉልኝ። ቤቴ ግቢ ውስጥ ፌሮ መዘርጋት አይቻልም፤ ሲዞር የጎረቤትን መስኮት ይመታል። ስለዚህ ያ ጥግ ከሌለ ሥራዬ የለም ማለት ነው። ይኼን የምነግራችሁ ቀጥሎ የመጣው ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ ነው።

ነገሩ የመጣው ለፋሲካ ነው። የሕማማት ሰሞን የሠራኋቸውን ሁሉ ኮልፌ ገበያ ዳር ደርድሬ ተቀመጥኩ። ሰው ተራኮተበት። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይወስዳል። የኮልፌ ሰው ቲማቲም መትከል ጀመረ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ለአስካለም ነገርኳት። በማግሥቱ በሰፈሩ ሳልፍ ግን በየግቢው ያየሁት ሌላ ነው። የኔ ሽቦ መሬት ላይ ቆሟል፣ አናቱ ላይ ሳፋ ተደፍቶበታል፣ ውስጡ ዶሮ አለ። በየበሩ ዶሮ። ለበዓል ቀደም ብለው ለገዙት ዶሮ ማቆያ አድርገውታል።

ቀዳዳው ቲማቲም ለያዘ እጅ የተለካ ነው ብያለሁ። ዶሮ ደግሞ እጅ አይደለም፤ አንገቱን ካሳለፈ ትከሻውን ሰብስቦ ይወጣል። ለአንዳንዶቹ ነገርኳቸው። "ሳፋ ደፍተንበታል፣ በየት ይወጣል?" አሉኝ። የሚፈሩት በላይ እንዳይበር ብቻ ነበር። በጎን እንደሚሄድ ማንም አላሰበም።

ቅዳሜ ዋዜማው ላይ ዶሮዎቹ ወጡ። አብዛኞቹ ተይዘዋል። ያልተያዘው የእድራችን ሊቀመንበር የአቶ ደምሴ ቀይ አውራ ዶሮ ነው። ደምሴ ያን ዶሮ መርጦ፣ ተከራክሮ የገዛውና ለሰፈሩ ሁሉ ያሳየው ነበር። ታክሲ ፌርማታው ጋ ታይቷል ተባለ፤ ከዚያ ወዴት እንደተሳፈረ የሚያውቅ የለም። ደምሴ ፋሲካውን በቅርጫ ሥጋ ፈሰከ። አማቾቹ መጥተው ነበር።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የእድር ስብሰባ ላይ ደምሴ ተነሣ። ከደምሴ ጋር አንተ ተባብለን ነው የኖርነው። በስብሰባ አንቱ ሲለኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

"አቶ ተሾመ፣ እርስዎ በእድሩ ጥግ ላይ የሚሠሩት ዕቃ ሰው እያስቸገረ ነው" አለ። ቀዳዳውን አጥብቤ እንድሠራ፣ ያኔ ቲማቲምም ዶሮም እንደሚይዝ፣ ካልሆነ ጥጉን እንድለቅ ሐሳብ አቀረበ። አዲስ የተገዙት የፕላስቲክ ወንበሮች ማስቀመጫ አጥተዋል አለ። ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንድ ዕቃ ለሁለት ሥራ ማለት ለሰው ጆሮ ጣፋጭ ነው።

እኔም ተነሣሁ። "ዶሮ ቤት የሚፈልግ ዶሮ ቤት ያሠራ። ይኼ የቲማቲም ነው። ቀዳዳው አይጠብም" አልኩ።

"ለቲማቲም እንጨት ይበቃዋል" አለ ደምሴ። "እኔ ጎጃም ያደግኩ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሽቦ ለብሶ የሚያድግ አትክልት አላየሁም።"

"እኔ ደግሞ በታክሲ የሚሄድ ዶሮ አላየሁም" አልኩት። ስብሰባው በሳቅ ተናወጠ፤ ደምሴ ግን አልሳቀም። እኔም መናገር ከጀመርኩ አይበቃኝምና ቀጠልኩ። ብቻዬን የፈጠርኩትን ነገር በስብሰባ ድምፅ የሚያጠብ ሰው የለም አልኩ። ጥጉን ብትወስዱብኝ መንገድ ላይ እሠራለሁ አልኩ። መንገድ ላይ እንደማልሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ኮብልስቶን ላይ ፌሮ ዘርግቼ ማን ያሳልፈኛል።

የቋጨችው አስካለ ናት። ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ፣ ሳትነሣ ተናገረች። "እንግዲያው ሁለታችሁም ትከሉ። እሱ በሽቦ፣ እርስዎ በእንጨት። ለእንቁጣጣሽ የማን እንደቆመ እናያለን። እኛም በዚያው ጆሯችን ይረፍ።"

ተስማሙ። የኔ ከቆመ ጥጉም ቀዳዳውም እንዳለ ይቆያል። የኔ ከወደቀ ጥጉ የወንበር ነው።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከመንገዱ በዝቅተኛ አጥር የተለየች ጠበብ ያለች መሬት አለች። ሰኔ ላይ ተከልን። ችግኙ ከአንድ መደብ የተነቀለ ነው፤ ማንም ማንን እንዳያማ። በአጥሩ በኩል የኔ ረድፍ፣ በመጋዘኑ በኩል የደምሴ። እሱ ረጃጅም የባህር ዛፍ እንጨት አቆመ፤ የጨርቅ ማሰሪያውንም በስምንት ቁጥር ቅርጽ አዞረው። አስተሳሰሩ ደህና ነበር። አልነገርኩትም።

በየጠዋቱ ጃንጥላ ይዞ ይመጣል።

"እስረኞችህ እንዴት አደሩ?"

"ቀና ብለው። ያንተዎቹስ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ?"

እንዲህ እየተባባልን ሐምሌ ገባ። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ሐምሌ ላይ የሱ ረዘሙ። የኔ ወደ ጎን ሲበተኑ የሱ በእንጨቱ ላይ ሽቅብ ወጡ። ሰፈሩ በሙሉ ጥጌን ሊለካ መጣ። አንድ ቀን የእድሩን ጸሐፊ ወንበሮቹ በስንት ረድፍ እንደሚቆሙ በክንዱ ሲለካ አገኘሁት። ለጨዋነት ያህል ፌሮዬን ከእግሩ ሥር አነሣሁለት። ከዚያ እዚያው እፊቱ ቁጭ ብዬ አዲስ ጀመርኩ።

ነሐሴ ላይ እማማ ብርነሽ ሞቱ። ቤታቸው በመንገዱ ማዶ፣ ከእድሩ አጥር ትይዩ ነው። በሰፈሩ ያላዋለዱት፣ ያላስታመሙት ቤት የለም፤ የአስካለን ሁለቱንም ወሊድ የያዙት እሳቸው ናቸው። ድንኳኑ በራቸው ላይ መቆም አለበት። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ ከምዕራብ በኩል እየገፋ ነው።

በሩ ላይ ያለው ኮብልስቶን ነው። ካስማ አይገባውም። በዚያኛው በኩል ያለውን ገመድ የሟች ቤት የድንጋይ አጥር ላይ አሰሩት። በዚህኛው በኩል ግን ያለው አፈር የኛ የቲማቲም መሬት ብቻ ነው። የድንኳኑ ካስማዎች አጫጭር ናቸው፤ በክረምት ጭቃ ውስጥ ሲመቷቸው ይገባሉ፣ ገመድ ሲስባቸው ይወጣሉ። ነፋሱ ሸራውን አንዴ አንሥቶ ሲያፈርጠው ምሰሶ የያዙት ሰዎች አብረው ተንሳፈፉ። ለቀስተኛ መምጣት ጀምሯል። ሬሳው ቤት ውስጥ ነው።

ደምሴ አጥሩን ተሻግሮ ገባ። ማንም አልጠየቀውም። ጎንበስ ብሎ የራሱን እንጨት መንቀል ጀመረ። አንዱን፣ ሌላውን፣ ቀጣዩን። እንጨቱ በተነቀለ ቁጥር ቲማቲሙ ፍሬውን ተሸክሞ ጭቃው ውስጥ ይጋደማል። ማሰሪያውን እንኳ አልፈታም፤ በጠሰው። ረድፉን ከጨረሰ በኋላ እንጨቶቹን ካስማ አድርገው እንዲመቷቸው ሰጠና ወደኔ ዞረ።

"ተሾመ፣ ያንተንም ንቀል" አለኝ።

"አልነቅልም" አልኩት።

ድንኳን የያዙት ሰዎች ሁሉ ወደኔ ዞሩ። አስካለ በሟች በር ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች፤ ታየኛለች። ከኋላ አንዱ "ለቲማቲም ብሎ እማማ ብርነሽን!" ሲል ሰማሁ። የመጣው ይምጣ አልኩ። ከአፈር ውስጥ አንድ ክንድ የገባ ብረት ነቅሎ መልሶ በመዶሻ መምታት ሥራ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። የቆመው ቆሟል። ይኼን ግን ቆሜ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም።

"ገመዱን አምጡልኝ" አልኩ።

ከጥጌ የነጭ ሽቦ ጥቅልና የጋሽ ወልዴን ፒንሳ ይዤ መጣሁ። የመጀመሪያውን ሽቦ ቤት ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ እንዲያ እያልኩ ረድፉን በሙሉ ከታች፣ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ በድርብ ሽቦ አገናኘሁት። እጆቼ በሽቦው ላይ ሲሄዱ ወጣሪ የነበርኩበት ጊዜ መጣልኝ። መረብ መወጠር ነው፣ ሌላ አይደለም። ከዚያ የድንኳኑን ገመዶች በእያንዳንዱ እግር ሥር አሰርኩና "ምሰሶውን አቁሙ" አልኳቸው።

ነፋሱ መጣ። የደምሴ እንጨቶች ከጭቃው እየተመዘዙ ወጡ፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ እንጨቱ ለዚህ አልተቀረጸም። የኔ ረድፍ ገመዱ ሲስበው አንዴ ክርር አለ። ከዚያ ዝም አለ። ድንኳኑ ቆመ። የወጡትን ገመዶችም አምጥተው በኔው ረድፍ ላይ አሰሯቸው።

ቲማቲሞቹ ውስጥ ነበሩ። ገመድ በቅርንጫፍ መሀል አልፎ ጥቂት ፍሬ ጣለ፤ ያ ብቻ ነው የጠፋው። ድንኳኑ እስከ ሠልስት ድረስ አልተነቃነቀም። ለቀስተኛ እየገባ እየወጣ፣ ዝናቡ ሸራው ላይ እየወረደ፣ እማማ ብርነሽ በክብር ተሸኙ።

በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ደምሴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

"ለቲማቲም ብቻ ነው አላልክም ነበር? ይኸው ድንኳን ያዘ።"

"ይያዝ" አልኩት። "ቀዳዳውን አላጠበብኩም።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ነገሩ የገባው መሰለኝ። ያልገባው ከሆነ ደግሞ የኔ ጉዳይ አይደለም።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ የእድሩ ኮሚቴ መጣ። በኔ ረድፍ ቲማቲሙ ከላይ እስከ ታች ቀልቷል። በደምሴ በኩል ባዶ መሬት ነው። ጸሐፊው ውድድሩ አይቆጠርም አለ፤ ደምሴ እንጨቱን የነቀለው ለእድሩ ሥራ ስለሆነ እኩል ተለያይተዋል ይባል አለ። ሌሎቹም ደገፉት።

እኩል የሚባል ነገር አልቀበልም አልኩ። ደምሴ ሳይጠየቅ የራሱን የነቀለ ሰው ነው፤ ይኼን ለልጆቼ ነግሬያለሁ፣ እዚህም ጻፍኩት። ያ ግን የሱ የደምሴ ክብር ነው፣ የእንጨቱ አይደለም። ደምሴ እንጨቱን ሲነቅል በአንድ እጁ ነበር። በአንድ እጅ የሚነቀል ነገር ቲማቲምንም አልያዘውም ማለት ነው። የኔን ደግሞ አሁን የሚነቅል ካለ ይሞክር አልኩ። ጸሐፊው ሞከረ። ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ደምሴን ጠራሁት። እጁ ከኔ እጅ ይበልጣል፤ የገበሬ ልጅ ነኝ ያለው ውሸት አይደለም። ረድፉ መሀል ላይ ካለው ሽቦ ቤት ውስጥ፣ ከግንዱ ጋር ተጠግቶ የበሰለ ትልቅ ቲማቲም አሳየሁት።

"እጅህን አስገባና እሱን አምጣው" አልኩት።

እጅጌውን ሰበሰበ። እጁ ገባ። ቲማቲሙን ጨበጠ፣ ጠምዘዝ አደረገው፣ ቆረጠው። ሁላችንም የምናየው እጁን ነው። ቀስ ብሎ መለሰው። እጁ ከነቲማቲሙ ሽቦውን ሳይነካ ወጣ። ቲማቲሙን አላየውም። ቆሞ ቀዳዳውን አየ፤ እጁን መልሶ አስገብቶ ባዶውን አወጣው፤ እንደገና አየው።

"ዶሮዬም በዚሁ ነው የወጣው" አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው አስካለ ናት። ከዚያ ራሱ ደምሴ ሳቀ፤ ከፋሲካ ወዲህ ስለዚያ ዶሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ቲማቲሙን በሸሚዙ ጠርጎ እዚያው ቆሞ በላው። ኮሚቴው ሌላ ስብሰባ አላስፈለገውም። ጥጉ የኔ ሆኖ ቀረ። ወንበሮቹም እዚያው መጡ፤ አንዱ ላይ አንዱን ደራርበው ከግድግዳው ጋር አስጠጓቸው። አሁን ስሠራ የምቀመጠው ከእነሱ በአንዱ ነው። ጸሐፊው ሲያልፍ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

ዘንድሮም ለፋሲካ ደርድሬ ተቀምጬ ነበር። ዶሮ ያቀፉ ሰዎች መጡ። ዶሮው ይወጣል ብዬ ነግሬ ሸጥኩላቸው። ያልሰሙኝ ነበሩ። ዶሮው ወጣ። ተመልሰው የመጡም ነበሩ፤ ትንሽ ጠበብ ቢያደርጉት ምን ነበረበት አሉኝ። አንዲት እናት ቲማቲም ይዘው ሲያልፉ አየሁና ከዘንቢላቸው አንድ ትልቅ ቲማቲም ተውሼ እጄን በቀዳዳው አሳየኋቸው። የሚገባው ገባው።

እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፤ ለእናንተ ለጀማሪዎች የምለው ይኼ ነው። የሠራችሁትን ዕቃ ሰው ለፈለገው ያውለው፤ ዶሮ ይክደንበት፣ ድንኳን ይሰርበት። አትከልክሉት። መለኪያውን ግን አትንኩ። የቲማቲም ሽቦ ቀዳዳ ቲማቲም የያዘ እጅ የሚወጣበት ነው።